ክብደቱን ጨምረን ለውጥ ያጣነው ለምንድን ነው? በኤልፓሮች መካከል ስለሚደረግ የፕሮሰሰር ጊዜ ክፍፍል

ጥያቄ፦ ስምንት የጋራ ፕሮሰሰሮች ባሉት አንድ ሜይንፍሬም (የድርጅት ትልቅ ኮምፒውተር) ላይ ሦስት ኤልፓሮች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠሩ የማሽኑ ክፍልፋዮች፣ አሉን። የዋናው ሥራ ኤልፓር ክብደት (የፕሮሰሰር ጊዜ ድርሻውን የሚወስነው ቁጥር) 600፣ የሙከራው 300፣ የፕሮግራመሮቹ 100 ነበር። ሦስቱም ዚ ኦኤስ የተባለውን ስርዓተ ክወና የሚያስኬዱ ሲሆን ስምንት ስምንት ሎጂካል ፕሮሰሰር (ስርዓተ ክወናው እንደ ራሱ የሚያየው፣ በእውነተኛው ማለትም በፊዚካሉ ፕሮሰሰር ላይ በተራ የሚሰማራ) ተሰጥቷቸዋል። ሃይፐርዲስፓች፣ ማለትም የኤልፓሩን ድርሻ በጥቂት ሎጂካሎች ላይ የሚያጠራቅመው አሠራር፣ ከዓመታት በፊት ተዘግቶ እንደተዘጋ ነው። ቀን ቀን ዋናው ኤልፓር የሰባት ፕሮሰሰር ያህል አቅም ይጠቀማል፤ ችግርም የለበትም። ማታ የሙከራ ቡድኑ ሥራውን ሲጀምር ግን ከአምስት በታች ይወርድና የባች ሥራው (በጅምላ ወረፋ ይዞ የሚሄደው) ይጓተታል። ክብደቱን ወደ 700 ከፍ ብናደርግም ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። አለቃችን አምስት ፕሮሰሰሮች ለዋናው ኤልፓር ብቻ ተለይተው ይሰጡት ይላሉ። ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ ማታ ማታ ከዋናው ኤልፓር ላይ ማንም የሰረቀው ነገር የለም። ቀን ከሚጠቀምበት ሰባት ፕሮሰሰር ውስጥ የራሱ ድርሻ አምስት ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁለቱ ጎረቤቶቹ ሥራ ፈተው ስለሚውሉ በብድር የሚደርሰው ነው። ማታ ባለቤቶቹ ሲመጡ ብድሩ ይመለሳል። ስለዚህ ፒአር ኤስኤም፣ ማለትም በማሽኑ ፈርምዌር ውስጥ ተቀምጦ ፕሮሰሰሮቹን ለኤልፓሮች የሚያድለው ክፍል፣ የታዘዘውን በትክክል እየፈጸመ ነው። ጥፋቱ ትእዛዙ ላይ ነው። ጥፋቱ ደግሞ በአብዛኛው ክብደቱ ላይ አይመስለኝም፤ የሎጂካል ፕሮሰሰሮቹ ብዛት ላይ ነው። ክብደቱን ግን አስቀድሜ ላንሣው፤ ሒሳቡ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና።

ክብደት ከ1 እስከ 999 ባለው መካከል የሚሰጥ ቁጥር ነው። ለብቻው ሲታይ ምንም አይናገርም። የሚናገረው በሥራ ላይ ካሉት የጋራ ፕሮሰሰር ተጠቃሚ ኤልፓሮች ሁሉ የክብደት ድምር ጋር ሲነጻጸር ነው። በመጀመሪያው አደላደል ድምሩ 1000 ስለነበር የ600 ድርሻ 60 ከመቶ፣ ማለትም ከስምንቱ ፕሮሰሰር 4.8 ነበር። የሙከራው 2.4፣ የፕሮግራመሮቹ 0.8። ወደ 700 ሲያሳድጉት ድምሩም አብሮት ወደ 1100 አደገ። 700 ለ1100 ሲካፈል 63.6 ከመቶ ይመጣል፤ በፕሮሰሰር ሲቆጠር 5.09። እንግዲህ ከለውጥ ፈቃዱና ከስብሰባው ሁሉ በኋላ የተገኘው ትርፍ 0.29 ፕሮሰሰር ነው። ለውጡ ባይታይ አይገርምም። ያንኑ መቶ ከሙከራው ላይ አንሥተው ለዋናው ሰጥተውት ቢሆን ድምሩ 1000 ላይ ይቆይና የዋናው ድርሻ 5.6 ይሆን ነበር። እኔ ድምሩን ምንጊዜም 1000 ላይ አስሬ የምይዘው ለዚህ ነው። አንዱን ለማሳደግ ሌላውን መቀነስ ግድ ሲሆን ማን ከማን ላይ እንደሚወስድ በግልጽ ይታያል፤ መቶኛውንም ያለ ካልኩሌተር ማንበብ ይቻላል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ክብደት የሚሠራው ሽሚያ ሲኖር ብቻ ነው። ማሽኑ ላይ ትርፍ አቅም እስካለ ድረስ ጣሪያ (የአቅም ገደብ) ያልተደረገበት ኤልፓር የፈለገውን ያህል ይወስዳል፤ የሚያግደው የራሱ የሎጂካል ፕሮሰሰር ቁጥር ብቻ ነው። ከኤልፓሮቹ አንዱ ሥራ ቢፈታ የእሱ ድርሻ ፈላጊ ለሆኑት እንደ ክብደታቸው መጠን ይከፋፈላል። በመጀመሪያው አደላደል የፕሮግራመሮቹ ኤልፓር ጭር ብሎ ቢያመሽ ዋናውና የሙከራው ስምንቱን ፕሮሰሰር በ600 ለ300 ተካፍለው 5.33 እና 2.67 ያገኛሉ። እዚህ ላይ ሥራ በመፍታትና ጨርሶ በመዘጋት መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ይበሉ። ሥራ የፈታ ኤልፓር ክብደቱ ከድምሩ ውስጥ አይወጣም፤ የሚያበድረው ጊዜውን ነው፤ በፈለገው ቅጽበት ይመለስበታል። ከኮንሶሉ ላይ የተዘጋ ኤልፓር ግን ክብደቱም ከድምሩ ይወጣል፤ የሌሎቹ የተረጋገጠ ድርሻም በዚያው ይለወጣል። ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል፤ ስለ ጣሪያ ስናወራ ግን ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ሎጂካል ፕሮሰሰሮቹ እንሂድ። ስምንት ፊዚካል ፕሮሰሰር ላይ 24 ሎጂካል ፕሮሰሰር ጭናችኋል። አሠራሩ በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ፒአር ኤስኤም አንድን ሎጂካል ፕሮሰሰር በፊዚካሉ ላይ የሚያሰማራው ኤስአይኢ በተባለው የማሽን መመሪያ ነው። የተሰማራው ሎጂካል ሥራ አጥቶ ወደ ጥበቃ እስኪገባ፣ ወይም የተመደበለት የጊዜ ቁራሽ እስኪያልቅ ይሠራል፤ ከዚያ ለባለ ተራው ይለቃል። የቁራሹ መጠን ለማሽኑ ከተተወ የሚወሰነው 25 ሚሊሰከንድ በጋራ ፊዚካል ፕሮሰሰሮች ቁጥር ተባዝቶ ለሎጂካሎቹ ጠቅላላ ቁጥር ሲካፈል ነው፤ ውጤቱ ከ12.5 በታች ከሆነ 12.5 ይያዛል። በእናንተ ማሽን ላይ 25 ሲባዛ በ8፣ ለ24 ሲካፈል 8.3 ስለሚመጣ ከወለሉ በታች ነው፤ 12.5 ሚሊሰከንድ ይሆናል።

ይህን ቁጥር ይዘው የፕሮግራመሮቹን ኤልፓር ይመልከቱ። አሁን ባለው ክብደት ድርሻው 0.73 ፕሮሰሰር ነው። ሃይፐርዲስፓች በሌለበት ይህ ለስምንቱ ሎጂካሎች እኩል ይበተናል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የአንድ ፊዚካል ፕሮሰሰር 9 ከመቶ ገደማ ነው። ማሽኑ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት አንዱ ሎጂካል 12.5 ሚሊሰከንድ ይሠራና በአማካይ 125 ሚሊሰከንድ ያህል ተራውን ይጠብቃል። ስርዓተ ክወናው ግን ይህን አያውቅም። ስምንት ፕሮሰሰሮች በእጁ እንዳሉ ቆጥሮ ሥራ ያከፋፍላል፤ ሥራውን የተሸከመው ሎጂካል ከፊዚካሉ ላይ ወርዶ ቢሆን እንኳ እየሠራ ነው ብሎ ያስባል። የወረደው ሎጂካል የስርዓቱን የጋራ ቁልፍ (በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ የሚይዘው የመግቢያ ፈቃድ) ይዞ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ቁልፉን የሚፈልጉት ሌሎቹ ሎጂካሎች ተራቸው ሲደርስ ይነሡና ያቺን ውድ ጊዜ ባዶ ዙር በመዞር ይጨርሷታል። ስርዓተ ክወናው እንዲህ ሲሽከረከር ጊዜውን ለቁልፉ ያዥ እንዲለቅለት ለፒአር ኤስኤም መንገር ይችላል፤ ከዜድ ኢሲ12 የሜይንፍሬም ሞዴል ጀምሮም ፕሮሰሰሩ ከመወሰዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ለዚ ኦኤስ ማስጠንቀቂያ የሚደርስበት መንገድ ተበጅቷል፤ በእጁ ያለውን ሥራ ለሌላ ሎጂካል እንዲያስረክብ ነው። ሁለቱም ጉዳቱን ያለዝባሉ እንጂ ቀጫጭን ሎጂካሎችን ወፍራም አያደርጉም።

በዚህ ላይ የካሽ ጉዳይ አለ። እያንዳንዱ ኮር (ፊዚካል ፕሮሰሰር) የራሱ ፈጣን ካሽ፣ ማለትም መረጃ በቅርብ የሚያቆይበት ጊዜያዊ ማከማቻ፣ አለው። አንድ ሎጂካል ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ፊዚካል ላይ ሲሰማራ፣ የተጠቀመበት መረጃ በቀድሞው ኮር ካሽ ውስጥ ቀርቶ አዲሱ ከሩቅ ያመጣል። አዲሱ ኮር በሌላ ቺፕ ወይም በሌላ መሳቢያ (ቺፖቹ በሚደረደሩበት የማሽኑ ክፍል) ላይ ከሆነ መንገዱ ይረዝማል። ውጤቱ ያው ፕሮግራም፣ ያው መረጃ፣ የሚቆጠርበት የፕሮሰሰር ጊዜ ግን ከቀኑ የበዛ ይሆናል። የማታው ባች ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የፕሮሰሰር ፍጆታውም ጨምሮ ካያችሁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ በግምት ከመቀበል ይልቅ በአርኤምኤፍ (የዚ ኦኤስ የአፈጻጸም መለኪያ መሣሪያ) ሪፖርታችሁ ላይ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የፕሮሰሰር እንቅስቃሴ ሪፖርቱ ላይ ኤምቪኤስ ቢዚ እና ኤልፓር ቢዚ የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን አሉ። የመጀመሪያው ስርዓተ ክወናው ራሱን ሲያይ የሚናገረው ነው፤ ሎጂካሉ ሥራ ኖሮት ተራ እየጠበቀ ቢሆንም እንደ ተያዘ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው በእውነት በፊዚካል ፕሮሰሰር ላይ የዋለበት ጊዜ ነው። ቀን ሁለቱ ተቀራርበው ማታ ኤምቪኤስ ቢዚ 100 ሲደርስ ኤልፓር ቢዚ 64 አካባቢ ላይ ቆሞ ካገኛችሁት (700 ለ1100 የሚያመጣው እሱኑ ነው)፣ ኤልፓሩ ድርሻውን ጨርሶ ተጨማሪ እየጠየቀ ነው ማለት ነው። ከዚያ የኤልፓሮች ክፍፍል ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ፊዚካል የሚለውን መስመር ተመልከቱ። ያ ፒአር ኤስኤም ለማንም ኤልፓር ሳይሆን ለራሱ አስተዳደር የሚያጠፋው ጊዜ ነው። ሎጂካሎቹ በበዙ ቁጥር ይህም ይጨምራል። ለአንድ ፊዚካል ከሁለት ሎጂካል በላይ ስትሆኑ ማብራሪያ ሊኖራችሁ ይገባል እላለሁ፤ እናንተ ሦስት ናችሁ።

ሃይፐርዲስፓች ለምን እንደተዘጋ በጥያቄው አልተገለጸም። በ2008 ከዜድ10 ሞዴል ጋር በመጣ ጊዜ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ብዙ ነበር፤ የዘጋው ሰው ምናልባት በጊዜው ምክንያት ነበረው። ዛሬ ግን ተዘግቶ የሚቆይበት ምክንያት አይታየኝም፤ ዚ ኦኤስም ራሱ ካልተከለከለ በቀር በነባሪነት ይከፍተዋል። ሥራው ድርሻን ለሁሉም ሎጂካል እኩል ከመበተን ይልቅ በጥቂቶቹ ላይ ማጠራቀም ነው። ቨርቲካል ሃይ የሚባለው ሎጂካል የአንድ ፊዚካል ፕሮሰሰር ሙሉ ድርሻ ይሰጠዋል፤ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜም እዚያው ኮር ላይ ይሰማራል። ቨርቲካል ሚዲየም የቀረውን ቁራጭ ድርሻ ይይዛል። ቨርቲካል ሎው የተረጋገጠ ድርሻ የለውም፤ ትርፍ አቅም ሲኖር ይነሣል፣ ሲጠፋ ይቆማል።

በእናንተ ማሽን ላይ ክብደቱ 700፣ 200፣ 100 ቢሆን ዋናው ኤልፓር 5.6 ስለሚደርሰው አምስት ቨርቲካል ሃይ እና 60 ከመቶ የያዘ አንድ ሚዲየም ይኖረዋል። የሙከራው 1.6 አንድ ሃይና 60 ከመቶ የያዘ አንድ ሚዲየም ይሆናል። የፕሮግራመሮቹ 0.8 ባለ 80 ከመቶ አንድ ሚዲየም ብቻ። አሁን በ9 ከመቶ ሽርፍራፊ ስምንት ቦታ ተበትኖ የሚንገላታው ኤልፓር በአንድ ሎጂካል ላይ ተሰብስቦ በደህና ይሠራል ማለት ነው። አንድ ረቂቅ ነገር፦ ከሙሉው የተረፈው ቁራጭ ከግማሽ በታች ከሆነ ማሽኑ እንዲያ ቀጭን ሎጂካል አይፈጥርም፤ ከሃይዎቹ አንዱን አፍርሶ ከቁራጩ ጋር ደምሮ ለሁለት ሚዲየም ያካፍላል። የሙከራው ድርሻ እንደ ድሮው 2.4 ቢሆን ሁለት ሃይ ሳይሆን አንድ ሃይና 70 ከመቶ የያዙ ሁለት ሚዲየሞች ያገኛል። ስለዚህ ክብደት ሲያከፋፍሉ የዋናውን ኤልፓር ድርሻ ከሙሉ ቁጥር በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ኪሳራ ነው፤ 5.2 ላይ ከሚያቆሙት በትክክል 5 ላይ ቢያሳርፉት አንድ ተጨማሪ ሃይ ያተርፋሉ።

ሃይፐርዲስፓች ቢከፈትም ሎጂካሎቹን መቀነስ አይቀርም። ለሙከራው አራት፣ ለፕሮግራመሮቹ ሁለት ይበቃል፤ የዋናው ስምንቱም ይቆይለት፤ ትርፍ በተገኘ ሰዓት እስከ መላው ማሽን ድረስ እንዲዘረጋ። ጠቅላላው 14 ይሆናል፤ የጊዜ ቁራሹም ወደ 14.3 ሚሊሰከንድ ከፍ ይላል። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። አራት ሎጂካል ያለው ኤልፓር ምንም ቢፈልግ ከአራት ፊዚካል በላይ መያዝ አይችልም። በወረቀት ላይ ከተጻፈ ጣሪያ ይልቅ እኔ የማምነው ይህን ዓይነቱን ገደብ ነው፤ የሚሳሳት ክፍል የለውም። ግን በተቃራኒው እንዳይሳሳቱ፤ ድርሻው 2.4 ለሆነ ኤልፓር ሁለት ሎጂካል ብቻ ቢሰጡት 0.4ቱን ሊጠቀምበት አይችልም፤ ክብደቱ በከንቱ የተጻፈ ይሆናል።

ጣሪያን ካነሣን፣ ችግሩ ማታ በተወሰነ ሰዓት መጀመሩ አንድ ሌላ ጥርጣሬ ስለሚያሳድር መመርመር ያለበት ነገር አለ። ዋናው ኤልፓር ላይ በኤምኤስዩ (የፕሮሰሰር አቅም መለኪያ አሃድ) የተጻፈ የአቅም ገደብ አለ? ይህ ገደብ የሶፍትዌር ክፍያን ለመቆጣጠር የሚደረግ ሲሆን የሚለካው በቅጽበቱ ፍጆታ ሳይሆን ባለፉት አራት ሰዓታት አማካይ ነው። ደብሊውኤልኤም፣ ማለትም የዚ ኦኤስ የሥራ ጫና አስተዳዳሪ፣ በየአምስት ደቂቃው እየለካ 48 ልኬቶችን ይይዛል። አማካዩ ከገደቡ በታች እስካለ ድረስ ኤልፓሩ ከገደቡ በላይ ቢጋልብ ማንም አይነካውም። አማካዩ ሲያልፍ ግን ይታሰራል፤ ብዙ ጊዜም የሚታሰረው ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ ባቹ ሊጀምር ሲል ነው። ስርዓቱ እንደገና ከተነሣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ሁሉ ነገር ሰላም መስሎ የሚታየውም አማካዩ ከባዶ ስለሚጀምር ነው። ክፍፍል ሪፖርቱ ላይ ኤልፓሩ በደብሊውኤልኤም ታስሮ የቆየበትን መቶኛ የሚያሳይ ዓምድ አለ፤ ዜሮ ከሆነ ይህን አንቀጽ ይርሱት።

በሃርድዌር የሚደረጉት ጣሪያዎች ሁለት ናቸው። የድሮው በክብደት ላይ የቆመ ነው፤ ኤልፓሩ ማሽኑ ባዶ ቢሆን እንኳ ከክብደት ድርሻው አያልፍም። ቅድም በሥራ መፍታትና በመዘጋት መካከል ያልኩት ልዩነት እዚህ ይነክሳል። ሌላ ኤልፓር ከተዘጋ ድምሩ ስለሚያንስ ጣሪያው ሳታስቡት ከፍ ይላል፤ አዲስ ኤልፓር ሲነሣ ደግሞ ማንም ሳይነካው ዝቅ ይላል። ሌላው በቀጥታ በፕሮሰሰር ቁጥር፣ ለምሳሌ 2.5 ተብሎ የሚጻፈው ነው፤ ጎረቤት ቢመጣ ቢሄድ አይንቀሳቀስም። የሙከራው ኤልፓር ላይ ጣሪያ ማድረግ ግድ ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ። ግድ ነው ወይ ለሚለው ግን መልሴ አይደለም ነው። ጣሪያ ትርፍ አቅምንም አብሮ ይቆልፋል፤ ባቹ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቢያልቅ ማሽኑ እያዛጋ የሙከራ ቡድኑ ተራ ይጠብቃል።

የአለቃዎ ሐሳብ ለመስማት የሚጥም ነው፤ አምስት ፕሮሰሰር ለዋናው ብቻ ተለይቶ ቢሰጥ ማንም አይደርስበትም። ዋጋው ግን ይህ ነው። ተለይቶ የተሰጠ ፕሮሰሰር ከጋራ ቋቱ ጨርሶ ይወጣል፤ ባለቤቱ ባይጠቀምበትም ለማንም አይበደርም። በሌላ በኩል አንድ ኤልፓር ለአንድ የፕሮሰሰር ዓይነት ወይ ሙሉ በሙሉ ተለይቶ የተሰጠው ወይ ሙሉ በሙሉ የጋራ ተጠቃሚ ነው፤ አምስቱን ተለይተው ሦስቱን በጋራ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ቀን ቀን ሰባት ፕሮሰሰር ይጠቀም የነበረው ኤልፓር ከዚያ በኋላ ቀንም ማታም አምስት ላይ ይቆማል። የማታውን ችግር ለመፍታት የቀኑን ደህንነት መስጠት ነው። በዚያ ላይ የሚያገኙት አምስት ሲሆን በክብደት ብቻ 5.6 ማግኘት እየተቻለ ነው፤ ቨርቲካል ሃይዎቹም ቢሆኑ ኮራቸውን ሳይለቁ በመሥራት ተለይቶ ከተሰጠ ፕሮሰሰር እምብዛም አይርቁም። ፕሮሰሰርን ለይቶ መስጠት ቦታው ሌላ ነው፤ ለዋና ሥራ የሚያገለግል ካፕሊንግ ፋሲሊቲ (ስርዓቶች መረጃ የሚጋሩበት ልዩ ኤልፓር) ምላሹ በማይክሮሰከንድ ስለሚለካ ተራ መጠበቅን አይችልም፤ ለእሱ ብቻ የሚውሉትን አይሲኤፍ ፕሮሰሰሮች ለይቶ መስጠት ተገቢ ነው።

ዚፕ ፕሮሰሰሮች (የተወሰኑ ሥራዎችን ብቻ የሚቀበሉ ልዩ ፕሮሰሰሮች) ካሏችሁ ክብደታቸው ለብቻው እንደሚጻፍ አይርሱ። እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት የራሱ ቋት፣ የራሱ የክብደት ድምር አለው። የአጠቃላይ ፕሮሰሰሩን ክብደት አስተካክለው የዚፑን እንደነበረ ከተዉት በዚፕ ላይ መሄድ የሚችለው ሥራ እዚያ ወረፋ ይይዝና ወደ አጠቃላዩ ፕሮሰሰር ይሻገራል፤ እዚያም ዋናውን ሥራ ይሻማል።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ አንድ የሥራ ሳምንት የሚሸፍን መረጃ እሰበስብና ኤምቪኤስ ቢዚን፣ ኤልፓር ቢዚን፣ የፊዚካሉን መስመርና የባቹን የፕሮሰሰር ጊዜ አስቀምጣለሁ። ቀጥሎ የሙከራውንና የፕሮግራመሮቹን ትርፍ ሎጂካሎች በኮንፊግ ትእዛዝ ከሥራ አወጣለሁ፤ ስርዓቱን ማስነሣት አይጠይቅም፣ ካልተስማማም በዚያው ትእዛዝ ይመለሳል። ግን በኤልፓሩ መግለጫ ላይም ቁጥሩን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ካልሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ኤልፓሩ ሲነሣ ስምንቱም ተመልሰው ይመጣሉ፤ ማን እንዳመጣቸውም ማንም አያስታውስም። ከዚያ ሃይፐርዲስፓችን በሙከራው ላይ ቀድሜ፣ በዋናው ላይ ቀጥዬ እከፍታለሁ። ክብደቱን 700፣ 200፣ 100 የማደርገው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ከኮንሶሉ ላይ ኤልፓሮቹ እየሠሩ የሚለወጥ ነው። ሦስቱን በአንድ ሌሊት አታድርጉ፤ የትኛው እንደፈወሳችሁ ማወቅ ያቅታችኋል። የሙከራ ቡድኑ ግን አስቀድሞ ይነገረው፤ ማታ ማታ አሁን ካለው 2.18 ወደ 1.6 የሚወርደው የእሱ ድርሻ ነው።